ጎታው ያለበት ክፍል

ባለሱቁ ሐጂ ረብ ነዋዝ እኛ ቤቱ በመጣን ቁጥር ሙልታን ከተማ ነው። ጫማው ደጃፉ ላይ ነው፣ ሞተር ሳይክሉ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ቆሟል፣ የጋያው ጢስ በመስኮት ይወጣል፣ እሱ ግን ሙልታን ነው። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ይህን ስትነግረን ዓይኗን ታሸሽብናለች። አንድ ቀን ማሲ ጂንዳን አላስችላት ብሎ፣ «በባዶ እግሩ ከሄደማ አስፋልቱ ያቃጥለዋል፤ ጫማውን ላኪለት እንጂ» አለቻት። ሳቅን። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ወደየቤታችን ተመለስን፤ እኔም ያበጠ እግሬን ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ነክሬ አመሸሁ።

ስሜ ሸሪፋን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ወረዳ ከመንደር መንደር እየዞርኩ ልጆች ስከትብ ኖሬያለሁ። ጡረታ ስወጣ አልጋዬን ጥላ ውስጥ ዘርግቼ መተኛት ነበር ሐሳቤ። ይኸው አሁን የባለሱቅ ደጅ ስጠና እውላለሁ። አብረውኝ የሚዞሩት የሰፈር ሴቶች ናቸው። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ሁላችንም ማሲ፣ አክስት፣ የምንላት ጂንዳን ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚቆጣት ሰው ስለሌለ ያሻትን ትናገራለች።

የምንከራከርበት ነገር የስንዴ ኪኒን ይባላል። በኛ አገር አጨዳ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤት የዓመት ስንዴውን ገዝቶ የቆርቆሮ ጎታ ውስጥ ይከታል። ጎታው ከሙሽራዋ ጋር ነው የሚመጣው፤ አበባ ተሥሎበት፣ ስሟ ተጽፎበት። የሚቀመጠውም ከሌባና ከዝናብ በሚርቅበት በውስጠኛው ክፍል ነው። ክፍሉ የቤቱ ቀዝቃዛ ቦታ ስለሆነ እንግዳም ልጅም የሚተኛው እዚያው ነው። ችግሩ ነቀዝ ነው። ዝም ካሉት ክረምቱ ሳይወጣ ስንዴውን ዱቄት ያደርገዋል። ስለዚህ ሰው ከሱቅ አመድማ ኪኒን ይገዛና በጨርቅ ቋጥሮ ስንዴው ውስጥ ይቀብራል። ኪኒኑ እርጥበት ሲያገኝ መርዝ ይተነፍሳል። ነቀዙን ይገድላል፤ በዚያ ክፍል በር ዘግቶ የተኛውንም ይገድላል።

ይህን ነገር ሱቆቻችን በሻይ ቅጠልና በክብሪት መካከል አስቀምጠው ነው የሚሸጡት፤ እንደ ከረሜላ በፍሬ፣ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው። በችርቻሮ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አለ ይላሉ። ሕጉ ላሆር ነው ያለው። እሱም እንደ ሐጂ ነው፣ ሁልጊዜ ሌላ ከተማ ነው።

መጀመሪያ በደግ አፍ ሞከርን። የራስ ቅል የተሣለበት ወረቀት ይዘን ዞርን፤ ስንዴን በደንብ ፀሐይ ማስመታት፣ የደረቀ የኒም ቅጠል መጨመር፣ የጎታውን ክዳን በጭቃ መምረግ እንደሚቻል አስረዳን። ባለሱቆቹ ትሑቶች ናቸው። ቀዝቃዛ ሽርቤት አጠጡን፣ ወንበር አመጡልን፣ «እሺ ባጂ፣ ልክ ነሽ ባጂ» አሉን፤ ባጂ እህቴ ማለት ነው። ወረቀቱን በማግስቱ የሽምብራ ቆሎ ሲጠቀልሉበት አየሁት። በ«እሺ» የሰለቸኝን ያህል በስድብ ሰልችቼ አላውቅም።

ሜር እንውጣ ያለችው ማሲ ጂንዳን ናት። ሜር ማለት ሴቶች ከቤታቸው ወጥተው፣ ፀጉራቸውን ገልጠው፣ ሻርፓቸውን ከአንድ ሰው እግር ሥር ሲያነጥፉ ነው። በሜር ደም ይቆማል፣ የተጣላ ጎሳ ይታረቃል። ሜር የመጡበት ሰው እምቢ ካለ ስሙ ይጠፋል፤ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። ከተቀበለ ሻርፑን አንሥቶ ራሳቸው ላይ ይመልሳል፣ ምግብ አቅርቦ ያበላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ማምለጫው አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየው ቤቱ ካልተገኘ ሜር አልደረሰውም።

«ለኪኒን ሜር?» ብሎ ያልሳቀ ወንድ አልነበረም። መጀመሪያ የሄድነው ገበያው ጫፍ ላይ ወዳለው ወደ አላህ ወሳያ ሱቅ ነው። ሻርፖቻችንን አውልቀን ሚዛኑ ሥር ስናነጥፍ ሰውየው ሊያለቅስ ደረሰ።

«ባጂ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ልበሺው! ሰው እያየኝ ነው! ኪኒኑን ውሰጂው፣ ከፈለግሽ ሻይ ቅጠሉንም ውሰጂው!»

«ሻይ ቅጠልህ አቧራ ነው፤ ኪኒኑ ይበቃናል» አለችው ማሲ ጂንዳን።

ትንንሾቹ ሱቆች እንዲህ አንድ በአንድ እጅ ሰጡ። ሐጂ ረብ ነዋዝ ግን ብልጥ ነው፤ ሙልታን ሄደ። ገበያውን የያዘው ደግሞ እሱ ነው፤ ማዳበሪያው፣ ፀረ ተባዩ፣ ስኳሩ፣ ሁሉም እሱ ጋ ነው። ብዙም ሳይቆይ እነ አላህ ወሳያ «ሐጂ እየሸጠ እኛ ምን ቤት ነን?» ማለት ጀመሩ። ኪኒኑ ቀስ እያለ ወደ መደርደሪያው ሲመለስ ታየኝ።

ስለዚህ ወደ መንግሥት ሄድኩ። የወረዳው የፀረ ተባይ ተቆጣጣሪ ጃም ሸፊቅ ይባላል፤ እኛ ሳሂብ፣ ጌታዬ፣ እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም፣ እንደኔ የደከመው ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማራገቢያ ወደሱ ሲዞር ዓይኑን ይጨፍናል፣ ወደኔ ሲዞር ይከፍታል።

«ባጂ ሸሪፋን፣ ሞተ ሞተ የሚል ሁሉ እዚህ ይመጣል፤ ፊት ለፊት ቆሞ የሚናገር ግን የለም። ሐኪሞቹም ምግብ መርዟቸው ነው ብለው ይጽፋሉ። እኔ በምን ልያዘው? አንዲት እናት አምጪልኝ። ሐጂ ባለበት ‹ከሱ ገዛሁ፣ ልጄን ገደለብኝ› ትበል። ያን ቀን በወረዳው ሱቅ ሁሉ አግደዋለሁ። ወላሂ አግደዋለሁ።»

አንዲት እናት ነበረች። ቤቷና ቤቴ በአንድ አጥር ነው የሚለያዩት።

ሱግራ ባሏ ካራቺ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። ያለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ከሐጂ ሱቅ ኪኒን ገዛች። ሐጂ ራሱ ነው በጋዜጣ ጠቅልሎ የሰጣት፤ «ጨምሪና ክደኚው» አላት፣ ሌላ ምንም አላላትም። ልጆቿ ኩልሱምና ሪያዝ እንደ ወትሮው ግቢው ውስጥ ነበር የተኙት። ዝናብ መጣ። ሱግራ ልጆቹን አንሥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባቻቸው፣ በሩን ዘጋችላቸው፣ እሷ ትኩሳት የያዛትን አማቷን ለማስታመም በረንዳው ላይ ቀረች። ጠዋት ልትቀሰቅሳቸው ስትገባ ሁለቱም አልነቁም።

ሐኪሙ ማታ የበሉት ሐብሐብ ነው አለ። እኔ ጩኸቷን ሰምቼ ስገባ ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። በዚያ ቤት ነጭ ሽንኩርት አልተላጠም። ሽታው የምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ሲገባኝ ለሱግራ ነገርኳት። ቂጣዋን ትጋግራለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ አማቷንም ቀብራለች፤ ስለዚያ ሌሊት ግን አታወራም። ጎታውንም አላነሣችውም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደቆመ ነው። እሷ ክረምት ከበጋ በረንዳው ላይ ትተኛለች።

ከጃም ሸፊቅ ሳሂብ የሰማሁትን ነግሬያት ስንት ጊዜ ቆየ። አንድ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አወጣችና፣ «ባጂ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ። ለሐሙስ ተቀጠረ። ሐጂም ተጠራ። ቢቀር ሱቁ ስለሚታሸግ የዚያን ቀን ሙልታን መሄድ አይችልም።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሱግራ ግቢ ውስጥ ነበርን። እሷ ሊጥ ታቦካለች፣ እኔ ነገ የምትናገረውን አስጠናታለሁ፣ ማሲ ጂንዳን ምስር ትለቅማለች።

«‹ከሐጂ ሱቅ ገዛሁ› በይ፣ ‹ምንም አልተነገረኝም› በይ፣ ከዚያ ዝም በይ» እላታለሁ። «‹በገዛ እጅሽ ጨመርሽው› ሊሉሽ ነው። እንዳትደነግጪ።»

«በገዛ እጄ ነው የጨመርኩት» አለች ሱግራ።

«እሱን ጥያቄ ሳይመጣ አትናገሪ ነው የምልሽ!»

በሩ ተንኳኳ። ማሲ ጂንዳን ከፍታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። የሐጂ ረብ ነዋዝ እናት አማ ሐያታን ናት፤ በምርኩዝ፣ በእግሯ፣ በዚያ ፀሐይ። ሦስት ምራቶቿ ከኋላዋ አሉ። አሮጊቷ ግቢው መካከል ደርሳ ቆመች፣ ምርኩዟን ለአንደኛዋ ምራት ሰጠች፣ ጥቁር ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፈፈችና ሱግራ እግር ሥር አነጠፈችው። ሂና የነካው ስስ ፀጉሯን ላቡ ግንባሯ ላይ አጣብቆታል። ምራቶቿም ተገለጡ።

«ወይ ጉድ!» አለች ማሲ ጂንዳን። «የኛኑ ሜር በኛው ላይ! አማ፣ ልጅዎ ሙልታን አይደል እንዴ? በስልክ ነው የላከዎት?»

«ምላስሽን አውቀዋለሁ፣ ጂንዳን» አለች አማ ሐያታን። «ማፈሩንም አፍሬያለሁ፣ ተይኝ። ልጄ ሱግራ፣ አልቀመጥም፣ ውሃሽንም አልጠጣም። ነገ አትሂጂበት። ሱቁን ይዘጉበታል። ሐጅ አድርጎ የመጣ ሰው ነው፤ በዚህ ዕድሜው ተከሶ ስሙ ይጠፋል። የወንድሞቹም ቤት በዚያ ሱቅ ነው የሚያድረው። ለልጆችሽ አላህ ይዘንላቸው። እኔም ልጅ የቀበርኩ እናት ነኝ፣ የማላውቀውን አልለምንሽም።»

በየአጥሩ ላይ የጎረቤት ራስ በቅሏል። ሱግራ እጇ እስከ ክንዷ ሊጥ ነው።

«አትንኪው!» አልኳት። «ሱግራ፣ ሻርፑን እንዳትነኪው። ትንሽ ይቆይ። እናስብበት።»

ምን እንደሚታሰብበት ራሴም አላውቅ። ስንቱን ባለሱቅ በዚህ አንበርክከን እኛ ዘንድ ሲመጣ አይሠራም ልል? ሱግራም ይህን ታውቃለች። ሄዳ እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ጎንበስ ብላ ሻርፑን አነሣች፣ አቧራውን አራገፈች፣ አሮጊቷ ራስ ላይ አለበሰችው።

«ይቅር ብያለሁ አማ። ነገ አልሄድም።»

ምራቶቹ አለቀሱ። እኔ እንባ አልመጣልኝም፤ ድካም ነው የመጣብኝ። ካጠገቤ ያለው የገመድ አልጋ ላይ ቁጭ አልኩና የጃም ሸፊቅ ሳሂብ ማራገቢያ ትዝ አለኝ፤ ወደኔ ሲዞር፣ ወደሱ ሲዞር። ነገ ሄጄ «እናቲቱ ቀርታለች» ስለው ቅር እንኳ አይለውም። እነ አላህ ወሳያም ኪኒናቸውን ደፍረው ፊት ለፊት ይደረድሩታል። የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ የማንን ጩኸት ሰምቼ እንደምሮጥ አሰብኩ። ሱግራን ልቆጣት ፈለግሁ፤ በምን አፌ?

ሜር የተቀበለ ማብላት አለበት። ሱግራ ቂጣውን ጋገረች፣ ምስርና አሬራ ቀረበ፣ ሽንኩርት ተከተፈ። ማሲ ጂንዳን ሳህኖቹን መሬት ላይ ስታስቀምጥ ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ማንም ብዙ አልበላም። መብራት ጠፋና የበረንዳው ማራገቢያ ቆመ። አማ ሐያታን ፊቷ ቀላ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«አማ፣ ፀሐዩ በረድ እስኪል ውስጥ ገብተው ጋደም ይበሉ» አለች ሱግራ። «ውስጠኛው ክፍል ይቀዘቅዛል።»

ሱግራ ይህን ያለችው ሌላ ነገር አስባ አይደለም። ለእንግዳ የሚባለው ይኸው ነው፤ እኔም ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። እኔም ትራስ ይዤ ተከተልኩ።

አሮጊቷ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ጥጉ ላይ ጎታው፣ በሆዱ ላይ ቀይ አበባና የሱግራ ስም። አማ ሐያታን አንድ እጇን መቃኑ ላይ አደረገች። አልገባችም።

«ልጄ፣ ጎታው ውስጥ ኪኒን አለ እንዴ?»

ሱግራ ክንዷን አልለቀቀቻትም።

«የለም አማ። ከዚያ ወዲህ ጨምሬ አላውቅም።» ቀጥላም፣ «ግን ይህን ይጠይቁ ብሎ ማን ነገረዎት?» አለቻት።

የመለሰችው ከኋላችን የቆመችው ትንሿ ምራት ናት፤ ሳታስበው ነው፣ እንደ ዋዛ።

«ሐጂ እኮ ነው። የኛ ጎታ ቤት ውስጥ የለም፤ ከግቢው ጀርባ ከብቶቹ ጋ ነው ያስቀመጠው። ‹ኪኒን ካለበት አንድ ልጅ እንዳይጠጋ› ብሎ...» አለችና አፏን በሻርፗ ያዘች።

ሱግራ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ለኔም እንዲሁ ቢለኝ እኮ ከፍየሏ ጋ አደርገው ነበር» አለች። «የፍየሏ ቤት ሰፊ ነው። ጣራውም አያፈስም።»

አማ ሐያታን ደፉ ላይ ተቀመጠች። ውሃ አምጥቼ ሰጠኋት፤ ይዛው ቆየች እንጂ አልጠጣችም። ጎታውን ታያለች፣ ከጎታው አጠገብ ያለውን ባዶ አልጋ ታያለች። አልጋው ትልቅ ነው፣ ሁለት ልጅ በደንብ ያስተኛል። ስትነሣ ምራቶቿ ሊደግፏት ተንደረደሩ፤ በእጇ መለሰቻቸው። ሻርፗን እንደገና ከራሷ ላይ አወለቀች፣ አጠፈችው፣ ሱግራ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«የለመንኩት እኔ ነኝ፣ ልመናዬን የማነሣውም እኔ ነኝ። ሜሬን አንሥቻለሁ። ለኔ ያልሽው ይቅርታ ለኔ ይሁን፤ ቃልሽን ግን መልሼልሻለሁ። ነገ ሂጂ።»

«አማ!» አለች ታላቂቱ ምራት። «በባዶ ራስዎ በገበያው መካከል? ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል። ሜሯ አልተሳካም ይበል። ምርኩዜን አምጪ።»

ጃንጥላ ይዤ ተከተልኳት። በሕይወቷ አንድ ቀን ራሷ ተገልጦ ገበያ ያልወጣች ሴት፣ በዚያ ሂና በነካው ፀጉሯ በሱቆቹ መካከል አለፈች። አላህ ወሳያ ሲያያት ከበርጩማው ብድግ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ሌሎቹም እንዲሁ። በልጇ ሱቅ በኩል ስታልፍ ሐጂ ሚዛን ይዞ ነበር። ቀና ብሎ አየን። አሮጊቷ ቀጥ ብላ አለፈች።

ቤቷ በር ላይ ስንደርስ፣ «ሸሪፋን፣ ልጄን ክፉ አድርጌ አላሳደግኩትም» አለችኝ።

ጃንጥላዬን አጥፌ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ረብ ነዋዝ የግብርና ቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ጢሙን አበጥሯል፣ ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። እናቱ ከትናንት ጀምሮ እንዳላናገረችው ቀድሞ በገበያው ተወርቷል። ጃም ሸፊቅ ሳሂብ እንዲናገር ሲፈቅድለት ግን ምላሱ አልተሳሰረም።

«ሳሂብ፣ ልጆቹ በመሞታቸው ልቤ ደምቷል። ግን በገዛ እጇ ነው የጨመረችው። እኔ ባለሱቅ ነኝ። ቢላዋም እሸጣለሁ፣ ገመድም እሸጣለሁ። ገዢ ቤቱ ወስዶ የሚያደርገውን እኔ በምን አውቃለሁ? ይህ ኪኒን እንዲህ መሆኑንስ ማን ያውቃል? አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ጃም ሸፊቅ ሳሂብ ወደ ሱግራ ዞረ። «በይ ቢቢ፣ ያንቺን ንገሪኝ።»

ያስጠናኋትን ሁሉ ረስታዋለች ወይም ትታዋለች። ከብብቷ ሥር የታጠፈ ጥቁር ሻርፕ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሐጂ አወቀው። ከአግዳሚው ሊነሣ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሐጂ ሳሂብ» አለች ሱግራ፣ «የእናትዎ ጎታ የት ነው ያለው?»

ማራገቢያው ዞሮ የሻርፑን ጫፍ አነሣው። ሐጂ ሻርፑን ያያል። የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«ከፍ አድርገው ይናገሩ፣ አልሰማሁም» አለ ጃም ሸፊቅ ሳሂብ።

«ከብቶቹ ጋ ነው።»

«ለምን እዚያ ሆነ?»

ሐጂ ዓይኑን ከሻርፑ ላይ አላነሣም። ጃም ሸፊቅ ሳሂብ ዓይኑን አልጨፈነም፤ በዚያ ቢሮ ዓይኑ እንዲያ ቁልጭ ብሎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሱግራ ሻርፑን አንሥታ ለሐጂ ዘረጋችለት።

«ለአማ ይስጡልኝ። በባዶ ራሳቸው እንዳይወጡ፣ ፀሐዩ ይበረታባቸዋል።»

ትእዛዙ ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። በወረዳችን ሱቅ ሁሉ የስንዴ ኪኒን በችርቻሮ መሸጥ ታግዷል ይላል። በወረዳችን ብቻ ነው። ከቦዩ ወዲያ ያለው ገበያ የሌላ ወረዳ ነው፤ እዚያ አሁንም በሻይ ቅጠልና በክብሪት መካከል ተቀምጧል። «እንግዲህ ያኛውን የወዲያኛው ሳሂብ ይወቀው» አለኝ ጃም ሸፊቅ። ማሲ ጂንዳን ደረጃው ላይ ሆና ወዲያኛው ገበያ ለመሄድ የትኛው መንገድ ጥላ እንዳለው ትጠይቃለች። እግሬ ጫማዬ ውስጥ አልገባ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ መተኛት ነው ያማረኝ።

ባጃጅ ውስጥ ሱግራ ከጎኔ ተቀመጠች። ማሲ ጂንዳን ከሹፌሩ ጋር ስለ ዋጋው ትጨቃጨቃለች። የመንደራችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ሱግራ እጄን ያዘችኝ።

«ባጂ፣ ዝናቡ እንዳይመታቸው ብዬ ነው ያስገባኋቸው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ሪያዝ ዝም ብሎ ገባ። ኩልሱም ግን ‹ውስጥ አልገባም፣ እዚህ ካንቺ ጋ ልተኛ› ብላኝ ነበር። ተቆጥቼ ነው ያስገባኋት።»